ድኽነትን ለምኖ ማግኘት

የሰው ልጅ ወደ ሹማምንት ደጅ የሚያቀርበው አቤቱታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የተወሰደበት ርስት እንዲመለስለት፥ አንዱ ማዕርጉ ከፍ እንዲልለት፥ ሌላውም ግብሩ እንዲቀነስለት ያመለክታል። በየአገሩ ያለው ቤተ መዛግብት ቢመረመር የሞላው እንዲህ ባለ ጽሑፍ ነው። ምንም ነገር እንዳይኖረው ይፈቀድለት ዘንድ፥ ሀብትንም ተቀበል ብሎ የሚያስገድደው እንዳይነሣ በማኅተም ይጸናለት ዘንድ የሚያመለክት ሰው ግን ከስንት አንድ ይገኛል? ሆኖም እንዲህ ያለ አቤቱታ በእውነት ቀርቦ፥ በእውነትም ተፈቅዶ ነበር። አቅራቢዎቹ በኢጣልያ አገር ከአሲዚ ከተማ ቅጥር ውጭ፥ ሳን ዳሚያኖ በምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በማኅበር ይኖሩ የነበሩ ደናግል ናቸው። ፈቃጁም የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ ነበሩ፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1228 ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ የድኽነት መብት እየተባለ ይጠራል።

ድኽነትና መብት የሚባሉት ሁለት ቃላት እንዴት ጎን ለጎን ሊቆሙ ቻሉ? ድኽነት ሰው የሚሸሸው፥ መብትም ሰው የሚሻው ነገር አይደለምን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የገዳም ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ደመወዝ ተቀብሎ ለሚያድር ሹም፥ ለመምህርም፥ ነገ ሥራ ለሚይዝ ተማሪም የሚያገባው ነው ብለን እናምናለን።

አስቀድመን የነገሩን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። የማኅበሩ እናት ክላራ በ1194 ግድም ከአሲዚ ባላባቶች ቤት ተወለደች። በዚያው ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የነበረው ፍራንቸስኮስ የአባቱን ሀብት ትቶ፥ ሻካራ ልብስ ለብሶ ወንጌልን መስበክ በጀመረ ጊዜ ቃሉ በልብዋ አደረ። ዘመዶችዋ ለቤታቸው ክብር የሚስማማ ጋብቻ ሲያስቡላት፥ እርስዋ በ1212 በሆሳዕና ዕለት ሌሊት ከአባትዋ ቤት ወጥታ ፍራንቸስኮስና ወንድሞቹ ወደሚጸልዩባት ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በዚያም ጠጕርዋ ተቈረጠ። ዘመዶችዋ በግድ ሊመልሷት ተከትለው ቢመጡ፥ የመንበሩን ልብስ ይዛ ጠጕሩ የተቈረጠውን ራስዋን ገልጣ አሳየቻቸው። ከውርስ የደረሳትንም ሸጣ ዋጋውን ለድኾች አካፈለች። ጥቂት ቈይታ እኅትዋ አግነስ፥ ከዓመታትም በኋላ እናትዋ ኦርቶላና ተከተሏት። በ1238 በተጻፈ አንድ ውል ላይ የሳን ዳሚያኖ እኅቶች ስም ተዘርዝሮ ሲቈጠር 50 ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ የሚከራከረን አንባቢ አይጠፋም። ድኽነትን ማመስገን የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ይለን ይሆናል። ዝናም የቀረበት ገበሬ፥ ለልጅዋ የምታበላው ያጣች እናት፥ ሲቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚቆም ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ድኽነታቸውን አልመረጡትም። የባላባት ልጅ ድኽነትን ብትመርጥ የምትተወው ነገር ስለ ነበራት ነው፤ የገባሩ ልጅ ግን ምኑን ትቶ ምኑን ይመርጣል? ለተራበ ሰው ራብህ ቅዱስ ነው ብሎ መስበክም በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ መጨመር ይሆናል።

ይህን ተቃውሞ እኛም እንቀበለዋለን። ሰው ሳይወድ የወደቀበትን ችግር ማስወገድ የመንግሥትም የሕዝብም ግዴታ ነው፤ የቅዱሳንን ታሪክ እየጠቀሰ ከዚህ ግዴታ የሚሸሽ ቢኖር ታሪኩን አልተረዳውም። ሳን ዳሚያኖ ራብን አላመሰገነችም። ክላራ በጻፈችው ሥርዓት ወደ ማኅበሩ የምትገባ ሴት አስቀድማ ያላትን ሸጣ ለድኾች እንድታካፍል ታዝዛለች፤ ስለዚህ የእኅቶች ድኽነት የሌላውን ድኽነት ለማቃለል ይጀምራል ማለት ነው። የታመመችውን እኅት ሌሎቹ ሁሉ፥ እነርሱ ቢታመሙ ሊደረግላቸው እንደሚሹት አድርገው እንዲያስታምሟት ያዝዛል፤ ላባ የተሞላ ትራስና የሱፍ የእግር ሹራብ እንኳ ለታመመች አይከለከልም። ክላራ በወጣትነትዋ እጅግ ከመጾምዋ የተነሣ ፍራንቸስኮስና የአሲዚ ጳጳስ በየዕለቱ ጥቂት እንጀራ እንድትቀምስ እስከ ማዘዝ ደርሰው ነበር። ኋላ ግን እርስዋ ራስዋ የቦሄምያ ንጉሥ ልጅ ለነበረችው ለአግነስ ዘፕራግ በላከችው ደብዳቤ፥ የሰው ሥጋ ከናስ እንዳልተሠራ አሳስባ ጾሙን በመጠን እንድታደርገው መከረቻት። እንግዲህ በፈቃድ የተመረጠው ድኽነትና በግድ የመጣው ድኽነት ስማቸው አንድ ቢሆንም ግብራቸው የተለያየ ነው። ሁለተኛው ሰውን ለሌላ ሰው ፈቃድ ያስገዛዋል፤ የመጀመሪያው ግን ከዚህ ከመገዛት የሚያመልጥበትን በር ይከፍትለታል።

በሩ የሚከፈተው እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ክላራ የለመነችው ድኽነት ከቀድሞው የገዳማት ልማድ የሚለይበትን ነገር መመልከት ያሻል። በምዕራቡም ሆነ በምሥራቁ ክርስቲያን ዘንድ መነኩሴ ለራሱ የሚለው ነገር የለውም። በአገራችንም በአንድነት ገዳም የሚኖሩ መነኮሳት የእኔ የሚሉት ሳይኖራቸው ከአንድ ማዕድ ይመገባሉ። ነገር ግን መነኩሴው ድኻ ሲሆን ገዳሙ ባለ መሬት ሊሆን ይችላል። የእኛዎቹ ታላላቅ ገዳማት በ1975 የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ርስትና ጉልት ነበራቸው፤ በአውሮፓም እንዲሁ ነበረ። ይህን ለነቀፋ አንናገረውም። ከዚያ መሬት እንግዳ ተቀብሎበታል፥ ድኻ በልቶበታል፥ ብራናም ተጽፎበታል። ይሁን እንጂ መሬት ካለ ገባር አለ፤ ገባር ካለ ግብር ሰብሳቢ አለ፤ ወሰን ካለም ሙግት አይቀርም። ርስት የሰጠ ባላባትም ውለታው እንዲታሰብለት፥ ዘመዱም እንድትሾምለት መሻቱ የታወቀ ነው። እንዲህ ሲሆን መነኩሴው ለብቻው የሸሸውን ዓለም በማኅበር መልሶ ያገኘዋል።

ክላራ የፈለገችው እያንዳንድዋ እኅት ብቻ ሳትሆን ማኅበሩ ራሱ ድኻ እንዲሆን ነው። በሥርዓትዋ ውስጥ የተፈቀደው መሬት ለቤቱ ጸጥታ የሚበቃ ቅጥር ብቻ ነው፤ እርሱም ለእኅቶቹ ምግብ የሚሆን አትክልት ከሚተከልበት በቀር እንዳይታረስ ተወስኖአል። ኑሮአቸው በእጃቸው ሥራና ወንድሞች ከሕዝቡ ለምነው በሚያመጡላቸው ምጽዋት ነበር። ክላራ ለብዙ ዓመታት በሕመም አልጋ ላይ ሳለች እንኳ ተደግፋ እየተቀመጠች ፈትል ትፈትል፥ በአካባቢው ላሉት አብያተ ክርስቲያናት ለቍርባን አገልግሎት የሚሆን ጨርቅ ታዘጋጅ ነበር።

ይህ አሳብ ለቤተ ክርስቲያን አለቆች አስጊ ሆኖ ታያቸው። በ1215 በላተራን የተደረገው ጉባኤ አዲስ ማኅበር የሚያቋቁም ሁሉ ቀድሞ ከጸደቁት ሥርዓቶች አንዱን እንዲይዝ ወስኖ ነበር፤ ቋሚ ገቢ የሌላቸው ሴቶችም በረሃብ ዘመን ምን ሊውጣቸው ነው የሚል ፍርሃት ነበረ። ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1228 ለፍራንቸስኮስ የቅድስና ዐዋጅ ወደ አሲዚ በመጡ ጊዜ ክላራን ርስት ተቀበዪ ብለው መከሯት፤ የሚያስጨንቅሽ ስእለትሽ እንደ ሆነ እኛ እንፈታሻለን አሏት። እርስዋም ከኃጢአትዋ መፈታትን እንደምትሻ፥ ክርስቶስን ከመከተል ግን መቼም መፈታትን እንደማትሻ መለሰችላቸው። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር የድኽነት መብት የተባለው ጽሑፍ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሳት የለብንም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ጨካኝ አልነበሩም፤ ያቀረቡት ስጦታ ከአባትነት የመጣ ነው። ሰውን የሚያስረው ግን ሁልጊዜ የጠላት ሰንሰለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስረን የወዳጅ ስጦታ ነው፤ ምክንያቱም ጠላትን እምቢ ማለት ቀላል ሲሆን ወዳጅን እምቢ ማለት ይከብዳል። የክላራ ጥንካሬ የሚታወቀውም በዘመዶችዋ ፊት ራስዋን ገልጣ በቆመችበት ቀን ይልቅ በደግ አባት ፊት ስጦታውን በመለሰችበት ቀን ነው።

ይህም ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያደርሰናል። የፍራንቸስካውያት እኅቶች ስእለት ድኽነት ብቻ አይደለም፤ ንጽሕናና መታዘዝም አሉበት። ለመታዘዝ የማለ ሰው ነፃ ነው ሊባል ይችላልን? አንድ ሰው ፈቃዱን ለሌላ ካስረከበ ኅሊናውንስ ምን አተረፈ?

መልሱን ከሥራዋ እናገኘዋለን። ጎርጎርዮስ በ1230 ወንድሞች ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ እኅቶች ገዳም ለስብከት እንዳይሄዱ በወሰኑ ጊዜ፥ ክላራ ምጽዋት ያመጡላቸው የነበሩትን ወንድሞች ሁሉ መልሳ ሰደደቻቸው። የነፍስን ምግብ የሚያመጡልን ከተከለከሉ የሥጋን እንጀራ የሚያመጡልንም አያስፈልጉንም የሚል ነበር አሳብዋ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ይህን በሰሙ ጊዜ ክልከላውን አላሉት። ልብ እንበል፤ ትእዛዙን አልጣሰችም፥ በስውርም አልሸሸችውም፥ ስድብም አልተናገረችም። የትእዛዙን ዋጋ በራስዋ ማዕድ ላይ ከፍላ ለአዛዡ አሳየችው። ይህን ለማድረግ የቻለችው ደግሞ እንጀራዋ የሚቀርባት መሆኑ ስላላስፈራት ነው። ጎተራዋ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ጎተራውን ለማዳን ዝም ባለች ነበር። መታዘዝዋና ድኽነትዋ የተጋገዙት በዚህ መንገድ ነው፤ የሚወሰድባት ነገር የሌላት ሴት ስትታዘዝ ከፍርሃት አትታዘዝም፥ እምቢ ስትልም ለጥቅም አትልም።

በማኅበሩ ውስጥም መታዘዝ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ውኃ አልነበረም። እንደ ሥርዓቱ እመ ምኔቲቱ በእኅቶች ሁሉ ድምፅ ትመረጣለች፤ ለአገልግሎቱ የማትበቃ ሆና ከተገኘች ሌላ እንዲመርጡ ግዴታ አለባቸው። ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እኅቶችን ሁሉ ሰብስባ ስለ ቤቱ ጉዳይ ትመክራለች፤ እግዚአብሔር የሚበጀውን ነገር ብዙ ጊዜ ለታናሺቱ ይገልጣልና። ያለ ሁሉም ስምምነት ከባድ ዕዳ አይገባም። እመ ምኔቲቱ ለእኅቶች እንደ ገረድ ሆና፥ እመቤት ለገረድዋ እንደምትናገር ያለ ፍርሃት ሊያነጋግሯት ይገባል። ክላራ ራስዋ ወደ ውጭ ወጥተው የሚያገለግሉት እኅቶች ሲመለሱ እግራቸውን ታጥብ እንደ ነበር አብረዋት የኖሩት መስክረዋል። ይህ ሁሉ የተጻፈው ሴት ልጅ በብዙ አገር ያለ አባትዋና ያለ ባልዋ ፈቃድ ስለ ራስዋ መወሰን በማትችልበት በ13ኛው መቶ ዓመት ነው። በጽሕፈት ቤት የምናገለግል ሁሉ በዚህ ሥርዓት ፊት ራሳችንን ብንመዝን አይጎዳንም። ከበታቻችን ያለችው ጸሓፊ ወይም ተላላኪው ሊናገር የሚችለውን ምክር ሰምተን የምናውቀው በስንት ጊዜ አንዴ ነው?

ያም ሆኖ ሥርዓቱን በሙሉ ያለ ነቀፋ እንድንቀበለው የሚያስገድደን ነገር የለም። በዚያው ሥርዓት ፊደል ያላወቀች እኅት ለመማር እንዳትጓጓ የሚመክር ቃል አለ። የምክሩ አሳብ ዕውቀትን መጥላት ሳይሆን ከንቱ ክብርን መፍራት እንደ ሆነ ይገባናል፤ ነገር ግን ፊደል ለድኻ ልጅ የነፃነት በር እንደ ሆነ የምናውቅ ሰዎች ይህን ክፍል ለዘመኑ ትተንለት እናልፋለን። ደግሞም በቅጥር ውስጥ ተዘግቶ መኖር ለአገር ምን ይጠቅማል፥ ላም አለኝ በሰማይ ከሚባለው በምን ይለያል ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጸሎት ለሚያምን ሰው ሥራ ነው፤ ለማያምነው ደግሞ በክርክር ልናስረዳው አንችልም። ስለዚህ ሁሉም በዓይኑ ሊያየው የሚችለውን ሌላ ፍሬ እንመልከት።

የፍራንቸስኮስ ቤተሰብ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይደለም። የክላራ ልጆች በቅጥር ውስጥ በጸሎት ሲኖሩ፥ ሦስተኛው ከሚባለው ማኅበር የተገኙት ፍራንቸስካውያት እኅቶች ደግሞ ያንኑ ድኽነትና መታዘዝ ይዘው ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ሆስፒታል ወጥተዋል። ከእነዚህም አንዲቱ እማሆይ ማሪያን ኮፕ ናቸው። በ1838 በጀርመን አገር ተወልደው በሕፃንነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። አባታቸው ሲታመሙ ቤተሰቡን ለመርዳት በፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ወደ ገዳም ለመግባት ቢመኙም ታናናሾቻቸው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ዓመታት ጠበቁ። በ1862 በሲራኪዩስ ወደ ነበረው የፍራንቸስካውያት ማኅበር ገብተው ኋላ የሆስፒታል አስተዳዳሪ፥ ቀጥሎም የማኅበሩ አለቃ ሆኑ። እንግዲህ እኒህ ሴት የባላባት ልጅ አልነበሩም፤ በግድ የመጣውን ድኽነት ቀምሰው የሚያውቁ ነበሩ። ሁለቱን ድኽነቶች በአንድ ሕይወት ያዩ ስለ ሆኑ፥ ከላይ ላነሣነው ተቃውሞ ከእኛ ይልቅ እርሳቸው መልስ ለመስጠት ይበቃሉ።

በ1883 ከሐዋይ ደሴቶች ደብዳቤ መጣ። በንጉሥ ካላካዋ ዘመን በዚያ አገር የሥጋ ደዌ በሽታ ተስፋፍቶ ስለ ነበር ሕሙማኑን የሚያስታምሙ እኅቶች ይፈለጉ ነበር። ጥያቄው ቀድሞ ከ50 ለሚበልጡ ማኅበራት ቀርቦ ሁሉም አልተቀበሉትም ነበር። ለበሽታው ያን ጊዜ ፈውስ አልተገኘለትም፤ የታመመውም ከዘመዶቹ ተለይቶ ይጋዝ ነበርና ማንንም ለመውቀስ አንደፍርም። በሲራኪዩስ ግን 35 እኅቶች እንሂድ ብለው ተነሡ፤ እማሆይ ማሪያን ከእነርሱ ስድስቱን ይዘው በኅዳር ወር ሆኖሉሉ ደረሱ። አሳባቸው እኅቶችን አደላድለው ለመመለስ ነበር፤ ሆኖም አልተመለሱም። በ1888 ሕሙማኑ ወደሚጋዙበት ወደ ሞሎካይ ደሴት ተሻገሩ። እዚያ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግሉ ኖረው በዚያው በሽታ የተያዙት ቤልጅጋዊው አባ ዳሚያን በተከታዩ ዓመት ሲያርፉ፥ በእርሳቸው እጅ የነበሩትን ወንዶች ልጆች መንከባከብም በእኅቶች ላይ ወደቀ።

እማሆይ ማሪያን በዚያ ያደረጉት ነገር ቀላል ይመስላል። ቤቱ እንዲጠረግ፥ ቍስሉ እንዲታጠብ፥ እጅ በጥንቃቄ እንዲነጻ፥ ልጃገረዶቹም እንደ ማንኛዋም ልጃገረድ ደኅና ቀሚስ እንዲለብሱ፥ በግቢውም ዛፍና አበባ እንዲተከል አደረጉ። በ1918 እስከሚያርፉ ድረስ በጠቅላላው 35 ዓመት በሐዋይ ሠሩ፤ አብረዋቸው ካገለገሉት እኅቶች አንዲቱም በበሽታው አልተያዘችም። ቤተ ክርስቲያናቸው በ2012 ቅድስት ብላ ዐወጀቻቸው። በሽታው በዛሬው ዘመን በመድኃኒት የሚድን ሆኖአል፤ የማጋዙም ሕግ በሐዋይ በ1969 ቀርቶአል። ነገር ግን መድኃኒቱ ባልተገኘበት ዘመን የተጣለውን ሰው ሰው አድርጎ ያቈየው የእነዚያ እጆች ሥራ ነው።

ስለ ምን ሊሄዱ ቻሉ ብለን ብንጠይቅ፥ ፍቅርና እምነት መሆኑን ማንም ይመልስልናል። ፍቅር ግን በብዙ ሰው ልብ አለ፤ ብዙዎቻችንም መልካም ነገር አይተን አዝነን እንቀራለን። የሚያስቀረን ክፋት ሳይሆን ጓዝ ነው፤ ያልተከፈለ ዕዳ፥ ያልተጨረሰ ቤት፥ ሊቀር የማይገባው ሹመት፥ ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት። እነዚያ እኅቶች ጥሪው በመጣ ቀን ጓዛቸው ትንሽ ነበር። ገና ወደ ማኅበሩ ሲገቡ ቀድመው ስላቃለሉት፥ ለመነሣት ያስፈለጋቸው አዎን የሚለው ቃል ብቻ ሆነ። ድኽነት መብት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ይመስለናል። የሚፈለግበት ቦታ ላይ ለመገኘት የሚያስችል መብት ነው።

የክላራ ሥርዓት በመጨረሻ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሴንት 4ኛ ማኅተም የጸደቀው ኦገስት 9 ቀን 1253 ነው። ሴት ለሴቶች ከጻፈቻቸው የገዳም ሥርዓቶች በሮማ የጸደቀ የመጀመሪያው እርሱ ነበር። እርስዋም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፈች። ያ ጽሑፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሰውሮ ቈይቶ በ1893 በአሲዚ ከልብስዋ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። የራስዋ የምትለው አንዳች ሳይኖራት ለሞተችው ሴት የተረፈላት ንብረት፥ ንብረት እንዳይኖራት የሚፈቅደው ወረቀት ሆነ።

አንባቢያችን ሁሉ ቤቱን ትቶ ይመንን አንልም፤ ደመወዙንም አይቀበል አንልም። ልጆች ያሉት ሰው ለልጆቹ ማሰቡ ግዴታው ነው። ከእነዚህ እኅቶች ልንማር የምንችለው ግን አንድ ምርመራ አለ፤ ለማድረግም ገዳም መግባት አያሻም። ይኸውም፦ ከእኔ ይወሰዳል ብዬ የምፈራው፥ ስለ እርሱም ስል የማላምንበትን የምፈርመው፥ የማውቀውንም እውነት የምውጠው ነገር የትኛው ነው ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ለአንዱ ወንበሩ፥ ለአንዱ ቤቱ፥ ለሌላውም ስሙ ይሆናል። ያን ነገር ለይቶ ያወቀ ሰው ወዲያው ላይተወው ይችላል፤ ነገር ግን ጌታው ማን እንደ ሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃል። ከዚያ በኋላ እርሱን ማገልገሉን መቀጠል ወይም አለመቀጠል የራሱ ምርጫ ይሆናል።